የጠቆረ ክፍልና የነጣ ግድግዳ፦ በአዋሽና በሰመራ የቤት ውስጥ ቀለም አመራረጥ

በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ከተሞች፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ከቤት ውጪ የሚገኘው ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ከዚሁ ብርሃን ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ገርበብ ካለ የእንጨት መስኮት ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ጥግ ላይ ያለው ብርሃን ግን 20 ሉክስ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለመማሪያ ክፍል በአብዛኛው የሚመከረው 300 ሉክስ ያህል ነው። እንግዲህ በአገራችን ፀሐይ እጅግ ከምትበረታባቸው ሥፍራዎች በአንዱ የሚኖር ተማሪ፣ በጠራራ ቀትር መጽሐፍ ለማንበብ አምፖል ማብራት ወይም ደጃፍ ላይ መቀመጥ ይገደዳል ማለት ነው።

ይህ ነገር እርስ በርሱ የሚቃረን ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአዋሽና በሰመራ ቤት የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ የሚሸሸው ሙቀትን ነው። ሙቀትን ሲሸሽ ብርሃንንም አብሮ ያባርራል። በዚህ ጽሑፍ መስኮቱን ሳናሰፋና ሙቀት ሳንጋብዝ የጨለመን ክፍል በቀለም ምርጫ ብቻ ምን ያህል ማብራት እንደሚቻል በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን። መልሱ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው፤ ለምን እንደ ሆነ የሚነግረን ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት የምናውቀው አንድ ቀላል ቀመር ነው።

ብርሃንና ሙቀት በአንድ በር

አዋሽ ሰባት ኪሎ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አልፈን የምናገኛት የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ሰመራ ደግሞ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱም ከተሞች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትውላለች። በሰኔ አጋማሽ በቀትር ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል በአዋሽ፣ 12 ዲግሪ ያህል በሰመራ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ወደ ደቡብ በአዋሽ 32፣ በሰመራ 35 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የቀትር ፀሐይ በዋናነት የምትመታው ጣሪያውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ሁለተኛ፣ ፀሐይ በመስኮት ዘልቃ የምትገባው በጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ ዝቅ ብላ በምትታይበት ጊዜ ነው። በተለይ የምዕራቡ መስኮት አየሩ በጣም በጋለበት ሰዓት ተጨማሪ ሙቀት ያስገባል። በሰኔ ወር የሰመራ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚሆን ስናስታውስ፣ ነዋሪው መስኮቱን አጥብቦ መሥራቱና በቀን ዘግቶ መዋሉ የሚያስወቅሰው አይደለም።

አርብቶ አደሩ የአፋር ማኅበረሰብ ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ቤትም በዚሁ ጥበብ የታነጸ ነው። ቤቱ በመጀመሪያ ደረጃ ጥላ ነው፤ ብዙው የቀን ሥራ የሚከናወነው ደግሞ ከቤት ውጪ ነው። የከተማው ቤት ግን ሌላ ግዴታ ተጨምሮበታል። ደብተር የሚጻፍበት፣ መጽሐፍ የሚነበብበት፣ ልብስ የሚሰፋበት፣ ሒሳብ የሚሠራበት ቤት ነው። ስለዚህ ጥላነቱን ሳይለቅ ብርሃን እንዲኖረው ይፈለጋል።

«መስኮቱን ማስፋት አይቀልም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከሙቀቱ ሌላ አንድ ምክንያት አለ። አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሰመራ ብዙም የማትርቀውን የሰርዶን መንደር አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአዋሽ ብዙ በማይርቀው በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀ መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። በተሠራ የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ላይ ያለ ባለሙያ ምክር ሰፊ ቀዳዳ መክፈት ግድግዳውን ያዳክመዋል። ቀለም ግን ምንም ነገር አያፈርስም።

ግድግዳ እንደ ደላላ

ከመስኮት የገባ ብርሃን አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይመጠጣል፣ ከፊሉ ይንጸባረቃል። የተመጠጠው ወደ ሙቀት ተለውጦ ለዓይን ይጠፋል፤ የተንጸባረቀው ወደ ሌላው ግድግዳ ይሄዳል። እዚያም እንደገና ከፊሉ ይመጠጣል፣ ከፊሉ ይመለሳል። ይህ የመመላለስ ጉዞ ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል።

ግድግዳውን በየደረጃው ኮሚሽን እንደሚቆርጥ ደላላ ልናስበው እንችላለን። ነጭ ግድግዳ ከአንድ ብር 20 ሳንቲም ቆርጦ 80ውን ያስተላልፋል። ጠቆር ያለ ቡናማ ግድግዳ ደግሞ 80 ሳንቲሙን አስቀርቶ 20ውን ብቻ ያሳልፋል። ብሩ በሦስት ደላሎች እጅ ካለፈ በኋላ በነጩ መንገድ 51 ሳንቲም ሲተርፍ በቡናማው መንገድ አንድ ሳንቲም እንኳ አይተርፍም። ቀለም ብርሃን አይፈጥርም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የገባው ብርሃን ቶሎ እንዳይሞት ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የክፍሉን ገጾች አማካይ የማንጸባረቅ ዐቅም «ነ» እንበለው። ለምሳሌ 60 በመቶ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ነ = 0.6 ነው። ከመስኮት የገባውን ብርሃን 1 ብለን ብንነሣ፣ በክፍሉ ገጾች ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ብርሃን፦

1 + ነ + ነ² + ነ³ + … = 1 ÷ (1 − ነ)

ይሆናል። ይህ በትምህርት ቤት የምናውቀው ማለቂያ የሌለው የጂኦሜትሪ ተከታታይ ድምር ነው። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው «1» በቀጥታ ከመስኮት የመጣው ነው። ሰማዩን ማየት የማይችለው የክፍሉ ጥግ ይህ አይደርሰውም። የጥጉ ድርሻ የተቀረው ነው፦ ነ ÷ (1 − ነ)። ይህንን መጠን የጥጉ ድርሻ እንበለውና ነ ሲያድግ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ነ 0.2 ሲሆን የጥጉ ድርሻ 0.25 ነው። ነ 0.4 ሲሆን 0.67፣ ነ 0.6 ሲሆን 1.5፣ ነ 0.8 ሲሆን ደግሞ 4 ይሆናል። ነ በአራት እጥፍ ሲያድግ የጥጉ ብርሃን በ16 እጥፍ አደገ ማለት ነው። የጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፤ በነጭነት ላይ የሚጨመር ጥቂት ነገር በጥጉ ላይ ብዙ ሆኖ ይገለጣል።

ይህን ነገር ቀድመው ካሰሉት አንዱ እንግሊዛዊው ሰምፕነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ባቀረበው ጥናት የልዩ ልዩ ወረቀቶችንና የግድግዳ ልባሶችን የማንጸባረቅ ዐቅም ለክቶ ነበር። ነጭ መጣጭ ወረቀት 80 በመቶ ያህል ሲመልስ፣ ጠቆር ያለ የቸኮላት መልክ ያለው ወረቀት 4 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚመልስ አሳይቷል። ዛሬም የአምፖሎችን ጠቅላላ ብርሃን ለመለካት በቤተ ሙከራ የምንጠቀምበት ውስጡ ነጭ የተቀባ ባዶ ሉል የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው። አንድ ነጭ ክፍል ከሞላ ጎደል ሰው የሚኖርበት እንዲህ ያለ ሉል ነው።

አንድ ክፍል በቁጥር

ርዝመቱና ወርዱ አራት አራት ሜትር፣ ከፍታው ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ኮርኒሱ 16፣ ወለሉ 16፣ አራቱ ግድግዳዎች 48፣ በድምሩ 80 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ገርበብ ያለ መስኮት 5,000 ሉመን ብርሃን ይገባል እንበል። ሉመን የብርሃን ፍሰት መለኪያ ነው፤ 9 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል።

በመጀመሪያ ክፍሉ ያልተቀባ ይሁን። ግድግዳው 25 በመቶ፣ ኮርኒሱና ወለሉ 20 በመቶ ያንጸባርቃሉ። አማካዩ 0.23 ይሆናል። የጥጉ ድርሻ 0.30 ነው። የገባውን ብርሃን በዚህ አባዝተን ለ80 ካሬ ሜትር ስናካፍለው በአማካይ 19 ሉክስ እናገኛለን።

ቀጥለን ኮርኒሱን 80 በመቶ በሚያንጸባርቅ ነጭ፣ ግድግዳውን 70 በመቶ በሚያንጸባርቅ ክሬም እንቀባ። ወለሉንም 30 በመቶ ወደሚያንጸባርቅ ነጣ ያለ ሲሚንቶ እናሻሽል። አማካዩ 0.64፣ የጥጉ ድርሻ 1.78፣ ብርሃኑም 111 ሉክስ ይሆናል። መስኮቱ ያው፣ ፀሐይዋም ያችው ሆና የጥጉ ብርሃን ስድስት እጥፍ ያህል አደገ።

ይህንኑ ውጤት በመስኮት ለማግኘት ብንፈልግ መስኮቱን ስድስት እጥፍ ማስፋት ነበረብን። የቀን ብርሃን ከእያንዳንዱ 110 ሉመን ጋር አንድ ዋት ያህል ኃይል ይዞ ይገባል። 5,000 ሉመን 45 ዋት ገደማ ነው፤ የስድስት እጥፉ መስኮት ግን 270 ዋት ያህል ያስገባል። ጭማሪው 225 ዋት ነው። ተቀምጦ የሚያርፍ አንድ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ፣ መስኮቱን ማስፋት ከሁለት በላይ እንግዶችን ቀኑን ሙሉ በክፍሉ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ነው። ይህም ፀሐይ በቀጥታ የማትገባ ሆና ነው። በቀጥታ ከገባችማ ሙቀቱ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

ስሌታችን አማካይን የሚያሳይ መሆኑ መታወቅ አለበት። ከመስኮቱ እጅግ የራቀው ጥግ ከአማካዩ ያነሰ ይደርሰዋል። 111 ሉክስም ለረጅም ንባብ የሚመከረውን አያሟላም። ሆኖም ከ19 ሉክስ ጋር ሲነጻጸር በክፍሉ ውስጥ ያለ መደናቀፍ ለመንቀሳቀስና ምግብ ለማሰናዳት ይበቃል፤ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ትንሽ ማስጠጋት ደግሞ የጎደለውን ይሞላል። ሌሊትም ቢሆን ቀመሩ አይለወጥም። በአንዲት አነስተኛ የፀሐይ ፋኖስ የሚያጠና ተማሪ ግድግዳው ከነጣለት ከዚያችው ፋኖስ የሚያገኘው ብርሃን ይጨምራል።

ነጭነት ከየት ይመጣል?

የቀለም ነጭነት በራሱ ከነጭ ነገር የተገኘ አይደለም። የጨው እንክብሎችን በማጉያ መነጽር ብንመለከት እንደ መስተዋት ብርሃን አሳላፊ ናቸው፤ ክምሩ ግን ነጭ ነው። ብርሃን ከአንድ አሳላፊ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር የስብረት ቁጥራቸው በተለያየ መጠን ከድንበሩ ላይ ከፊሉ ይመለሳል። ድንበሮቹ እጅግ ሲበዙ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ተበትኖ ይመለሳል፤ ዓይናችንም ይህንን ነጭ ይለዋል።

በዛሬዎቹ ነጭ ቀለሞች ውስጥ ይህንን ሥራ የሚሠራው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ነው። የስብረት ቁጥሩ 2.7 ያህል ሲሆን ዱቄቱን የሚያያይዘው ሙጫ 1.5 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ ስስ ቅብ እንኳ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል።

ኖራ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ገና እንደ ተቀባ ግድግዳው እምብዛም የነጣ አይመስልም፤ ሲደርቅ ግን ይነጣል። እርጥብ ሳለ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ነው፤ የውሃ የስብረት ቁጥር 1.33፣ የኖራው ደግሞ 1.6 ገደማ በመሆኑ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ውሃው ተንኖ ቁጥሩ 1 የሆነው አየር ሲተካው ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። በዚያው ላይ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣልና ይጠነክራል። ስለዚህ ኖራ የቀባ ሰው በእርጥቡ አይቶ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ቀለማት በክፍል ውስጥ ለምን ይከራሉ?

ከቀለም መሸጫ በትንሽ ናሙና ያየነው ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቤታችን ከተቀባ በኋላ ከጠበቅነው በላይ ሲከርብን ብዙ ጊዜ ቀለም በያዡ ላይ እናማርራለን። ጥፋቱ ግን የቀለም ቀቢው ላይሆን ይችላል። ፈዛዛው አረንጓዴ ከአረንጓዴው ብርሃን 70 በመቶ፣ ከቀዩ 50 በመቶ ይመልሳል እንበል። በአንድ ነጸብራቅ የሁለቱ ምጣኔ 1.4 ነው። ከሦስት ነጸብራቅ በኋላ አረንጓዴው 34፣ ቀዩ 12.5 በመቶ ይቀራሉ፤ ምጣኔውም 2.7 ይሆናል። ግድግዳዎቹ እርስ በርስ በተያዩ ቁጥር ቀለሙ ይጠልቃል። ናሙናው ብቻውን ነበር፤ ክፍሉ ግን አራት ግድግዳዎች የሚተያዩበት ነው። ስለዚህ ከምንወደው ቀለም ሁለት ደረጃ ፈዘዝ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

ዓይናችን ደግሞ ለሁሉም ቀለም እኩል አይደለም። በቀን ብርሃን እጅግ የሚነቃው 555 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ላለው ቢጫማ አረንጓዴ ብርሃን ነው። ስለዚህ ፈዛዛ ቢጫና ክሬም ለዓይን ደማቅ ናቸው፤ በግምት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይመልሳሉ። ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ አረንጓዴ 50 በመቶ አካባቢ ናቸው። የሸክላ ቀይ 20 በመቶ አካባቢ፣ ጥቁር ቡናማ 10 በመቶ ገደማ ነው። ንጹሕ ነጭ ከ80 በመቶ በላይ ይደርሳል።

ሰማያዊ ክፍል ይቀዘቅዛል?

በሞቃት ከተሞች ብዙ ሰው ክፍሉን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚቀባው «ያቀዘቅዛል» በሚል ነው። እነዚህ ቀለማት የመቀዝቀዝ ስሜት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ቴርሞሜትሩን ግን አያወርዱትም። ወደ ክፍሉ የገባ ብርሃን በአመዛኙ በአንዱ ወይም በሌላው ገጽ ተመጥጦ ሙቀት መሆኑ አይቀርም። ከዚህም ሌላ በተራ የክፍል ሙቀት ግድግዳዎች የሚለዋወጡት በዓይን የማይታየውን የታህተ ቀይ ጨረር ነው። በዚህ ጨረር ዘንድ ነጩም ሰማያዊውም ቡናማውም ቅብ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ሁሉም 90 በመቶ ያህሉን ይመጥጣሉ፣ መልሰውም ያመነጫሉ። ስለዚህ የውስጥ ቀለም የብርሃን ጉዳይ እንጂ የሙቀት ጉዳይ አይደለም ማለት ይቻላል።

የውጪ ቀለም ግን የሙቀት ጉዳይ ነው። በቀትር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ እስከ 1,000 ዋት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቆርቆሮ ከዚህ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሲመጥጥ፣ ንጹሕ ነጭ ቅብ ሩብ ያህሉን ብቻ ይመጥጣል። አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ያለው ሰው ሙቀት ከሆነ ችግሩ ጣሪያውን፣ ጨለማ ከሆነ ኮርኒሱን ይቀባ።

የትኛው ቀለም የት ይቀባ?

በመጀመሪያ ኮርኒስ። ፀሐይ የመታችው ነጣ ያለ የግቢ አፈር ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉን ወደ ላይ ይመልሳል። ይህ ብርሃን በመስኮት ከታች ወደ ላይ ገብቶ በቀጥታ የሚያርፈው ኮርኒሱ ላይ ነው። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ እንደ ትልቅ ፋኖስ ለወለሉ ሁሉ ያድላል። ኮርኒስ የሌለው፣ ቆርቆሮውና ማገሩ የሚታይበት ቤት ነጭ አቡጀዲ ቢወጠርበት እንኳ ልዩነቱ ይታያል።

ቀጥሎ ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳና የመስኮቱ ውስጥ ጠርዝ። ጠርዙ ነጭ ሲሆን ከወፍራም ግድግዳ ጎን የሚመታው ብርሃን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። መስኮቱ ያለበት ግድግዳም ፈዛዛ ሊሆን ይገባዋል። ጠቆር ካለ ግድግዳ መካከል ደማቅ መስኮት ሲታይ ዓይን ይጭበረበራል፤ ክፍሉም ከእውነተኛው በላይ የጨለመ ይመስላል።

በብዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የግድግዳው የታችኛው ክፍል በጠቆረ የዘይት ቀለም የሚቀባው እድፍን ለመደበቅ ነው። ዋጋውን እናስላ። በምሳሌ ክፍላችን የታችኛው አንድ ሜትር 15 በመቶ ብቻ በሚያንጸባርቅ ቀለም ቢቀባ ብርሃኑ ከ111 ወደ 70 ሉክስ ይወርዳል። 50 በመቶ የሚያንጸባርቅ፣ የሚታጠብ መካከለኛ ቀለም ቢሆን ግን 94 ሉክስ ይተርፋል። እድፍን መደበቅ ከብርሃኑ ከሲሶ በላይ ያስከፍላል፤ ማጠብ ይቀላል። እንዲሁም ለውበት ሲባል አንዱን ግድግዳ ብቻ 10 በመቶ በሚያንጸባርቅ ጥልቅ ሰማያዊ ብንቀባው 111ዱ ሉክስ 76 ይሆናል። ከረር ያለ ቀለም የሚወድ ሰው በትራስና በምንጣፍ ቢያየው ለብርሃኑ ይሻላል።

አንጸባራቂ የዘይት ቀለም እንደ መስተዋት ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚወረውር በጠረጴዛና በጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ዓይን ያስቸግራል። ድብዝዝ የሆነው የውሃ ቀለም ግን በየአቅጣጫው ይበትናል። ስለዚህ ለኮርኒስና ለላይኛው ግድግዳ ድብዝዙ፣ ለሚነካካው ለታችኛው ደግሞ የሚታጠበው ይመረጣል።

አቧራ፣ ፀሐይና እርሳስ

የአፋር ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ የቡና ከሰልና የማድቤት ጢስም ይጨመራል። የምሳሌ ክፍላችን አማካይ በአቧራ ከ0.64 ወደ 0.58 ቢወርድ፣ ቁጥሩ ሲታይ ኢምንት ነው። የጥጉ ብርሃን ግን ከ111 ወደ 86 ሉክስ ይወርዳል፤ ሩብ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ነጭ ክፍል በአቧራ የሚጎዳው ከጨለማው ክፍል ይልቅ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው ማራገፍና ማጠብ የቀለሙ አካል ተደርጎ መወሰድ አለበት።

በቆላ አገር ቅብ ቶሎ መድረቁ ጥሩ ቢመስልም ጉዳት አለው። ኖራ ከመጠንከሩ በፊት ውሃው ከተነነበት ዱቄት ሆኖ በእጅ ይራገፋል። የውሃ ቀለምም በጋለ ግድግዳ ላይ በደንብ ሳይያያዝ ይደርቃል። ስለዚህ ኖራ ከመቀባት በፊት ግድግዳውን በውሃ ማርጠብ፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትመለስ መቀባት፣ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ቅብ ማድረግ ይመከራል። እርጥብ ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል በተለይ ኮርኒስ የሚቀባ ሰው ዓይኑን ይሸፍን።

ሌላው ጥንቃቄ እርሳስን ይመለከታል። በቀድሞ የዘይት ቀለሞች፣ በተለይም በደማቅ ቢጫና በቀይ፣ የእርሳስ ውሕዶች ይገኙ ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠን እንዳለውም አልታወቀም። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ግድግዳ ላይ የቆየውን ቀለም ግን ደንብ አይፍቀውም። አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ ይልቅ ማርጠብ፣ ሕፃናትን ማራቅ፣ የረገፈውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቦ ማስወገድ ይገባል።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

የቤታችሁን ወይም የመኝታ ክፍላችሁን «ነ» ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ነጭ የጽሕፈት ወረቀትና ብርሃን የሚለካ ፕሮግራም የተጫነበት የእጅ ስልክ ነው። የስልኩን የብርሃን መቀበያ ወደ ግድግዳው አዙራችሁ በ20 ሴንቲሜትር ርቀት ያዙና ንባቡን መዝግቡ። ጥላችሁ ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ ከጎን ቁሙ። ከዚያም ስልኩን ሳታንቀሳቅሱ በዚያው ቦታ ነጭ ወረቀት አኑሩና እንደገና አንብቡ። ወረቀቱ መቀበያው የሚያየውን ቦታ በሰፊው መሸፈን ስላለበት አራት አምስት ገጽ አገጣጥማችሁ ለጥፉ። የመጀመሪያውን ንባብ ለሁለተኛው አካፍላችሁ በ0.8 ብታባዙ የግድግዳውን የማንጸባረቅ ዐቅም በግምት ታገኛላችሁ። ለኮርኒሱና ለወለሉም እንዲሁ አድርጉ፤ በየስፋታቸው አማካዩን አውጡና በቀመሩ አስገቡ።

መለኪያው የሚያስፈልገው ዓይን በዚህ ጉዳይ ታማኝ ምስክር ስላልሆነ ነው። ከ100,000 ሉክስ ወደ 20 ሉክስ የገባ ሰው በ5,000 እጥፍ የቀነሰ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ለመላመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ከተላመደ በኋላ ደግሞ የብርሃን እጥፍ መሆን እንደ ጥቂት ጭማሪ ብቻ ይሰማዋል። ስለዚህ ቀለም ለመምረጥ ክፍሉ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል መቆየት፣ ናሙናውን በሰፊ ካርቶን ቀብቶ በጠዋትም፣ በቀትርም፣ በማታ አምፖልም ማየት ያስፈልጋል።

በአንድ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ቢሠራ ሥራው የበለጠ ፍሬ ይኖረዋል። ሁለት አንድ ዓይነት የመማሪያ ክፍሎች ተመርጠው፣ የአንዱ ኮርኒስና የታችኛው ግድግዳ ብቻ ቢነጣ፣ ከኋላ መቀመጫ ላይ ያለው ብርሃን በየሰዓቱ ለአንድ ሳምንት ቢመዘገብ፣ የቀመሩን እውነትነት በገዛ ከተማቸው ያረጋግጣሉ። ውጤቱ ለርእሰ መምህሩም ይጠቅማል፤ በሚቀጥለው ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲታደስ ቀለሙ በዘልማድ ሳይሆን በልኬት ይመረጣል፤ ከኋላ የተቀመጠውም ተማሪ ሰሌዳውን ያያል።